ለሀዋሳ ሼዶች የሠለጠኑት የት ገቡ?

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሁለት ነገሮች ከተናጋሪው ሁሉ አፍ አይጠፉም ነበር። አንዱ ግንባታው በዘጠኝ ወር መጠናቀቁ፣ ሌላው ደግሞ ፓርኩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሁለት ፈረቃ 60 ሺህ ሰው የሚቀጥር መሆኑ። የመጀመሪያው ሄዶ ማየት ለፈለገ ሁሉ የሚታይ ነበር። ሁለተኛው ግን ዓመታት አልፈውም አልተደረሰበትም። የፋብሪካ ሼዶቹን ለማቆም የበቃው ጊዜ፣ የስፌት ማሽን ነክታ የማታውቅ የአርቤጎና ወይም የበንሳ ልጅ በፈረቃ ሰዓት የምትገባና የምትወጣ ኦፕሬተር እንድትሆን አልበቃም። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የሚካሄድ ስብሰባ የሚያርፈው ሥልጠና ላይ ነው። ፋብሪካው ምርት ሲያንሰው ሥልጠና ይጠይቃል፤ ወረዳው ሥራ አጥ ሲበዛበት ሥልጠና ያዘጋጃል፤ ለጋሹም በጀት ሲኖረው ሥልጠና ይደግፋል።

ይህ ዳሰሳ ከሲዳማና ከአጎራባች የገጠር ወረዳዎች ተነስቶ ፋብሪካ በር የሚደርሰውን የሥልጠና መንገድ ይከተላል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሥልጠናው ጉድለት አለበት፤ ነገር ግን ከራሱ ጉድለት ይልቅ ጀርባውን ያጎበጠው የሌሎች ዕዳ ነው። ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና የመስመር አለቆች አያያዝ የሚፈጥሩትን ችግር በሥልጠና እንዲፈታ ተጠይቆ፣ ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ «ሥልጠናው በቂ አልነበረም» ተብሎ እንደገና በጀት ይያዝለታል።

የሙያ ትምህርት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በሩን የከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ተቋቁሞ ከከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር ጎን ለጎን አደገ። ያኔ ግን ነገሩ የከተማና የጥቂት ሰው ነበር። ወደ ወረዳ በስፋት የወረደው ከ1990ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ በጀርመን መንግሥት እገዛም ሥርዓቱ እንደ አዲስ ተቀረጸ። የሙያ ደረጃዎች ወጡ፤ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፋፈሉ። ሠልጣኝ ባለሙያ የሚባለውም ኮሌጅ ስለጨረሰ ሳይሆን የብቃት ምዘናውን አልፎ በተለምዶ «ሲኦሲ» የምንለውን ወረቀት ሲይዝ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 954/2008 ለዚሁ ሥርዓት የሕግ መሠረት ሆነው። ሰባ በመቶው በተግባር፣ ሠላሳ በመቶው በንድፈ ሐሳብ ይሁን፤ ተግባሩም ከድርጅቶች ጋር በትብብር ይሰጥ ተባለ።

በወረቀት ላይ ነቀፋ የሚወጣለት አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው «ድርጅት» የሚለው ቃል ላይ ሲደረስ ነው። አዳማ ወይም አዲስ አበባ ያለ ኮሌጅ ሠልጣኙን የሚልክበት ጋራዥ፣ ብረታ ብረት ቤት ወይም ፋብሪካ አያጣም። ደጋ ወረዳ ላይ ያለ ኮሌጅ ግን የት ይላክ? ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ የተቀመጡ ልብስ ሰፊዎች በእግር የሚረገጥ ሲንጀራቸውን ይዘው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። የትብብር ሥልጠናው ጊዜ እዚያ ይሞላል፤ ደብተሩም ይፈረማል። ልጅቷ የተማረችው እውነተኛ ሙያ መሆኑን አልክድም። ልኬት ትወስዳለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፤ አንድ ቀሚስ ከጨርቁ ጀምራ ተኩሳ እስከማስረከብ ታደርሳለች። ፋብሪካው የሚፈልገው ግን ይህን አይደለም።

ሼድ ውስጥ አንድ ሸሚዝ በብዙ እጅ ያልፋል። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ኪስ፣ ሌላዋ የእጅጌውን ጫፍ። ለእያንዳንዱ ስፌት በደቂቃና በደቂቃ ክፍልፋይ የተለካ ጊዜ ተመድቦለታል። ከመስመሩ ራስ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ በየሰዓቱ ስንት መውጣት እንደነበረበትና ስንት እንደወጣ ያሳያል። ደረጃ 2 ይዛ የገባችዋ ሙሉ ልብስ መሥራት መቻሏን የሚጠይቃት የለም፤ የምትጠየቀው አንዱን ስፌት ከጠዋት እስከ ማታ ሳትዘገይና ሳታጣምም መድገም ነው። ስለዚህ ሲኦሲዋ ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ ክብደቷን ታጣለች። ከኮሌጅ የመጣችውም ከእናቷ ጓሮ በቀጥታ የመጣችውም ብዙ ጊዜ ከዚያው አንድ የሥልጠና ክፍል ይጀምራሉ።

ያ ክፍል ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። በልብስ ፋብሪካዎች ልማድ የመጀመሪያው ትምህርት ጨርቅ የለውም፤ ክርም የለውም። ሠልጣኟ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ይሰጣትና ክር ባልገባበት መርፌ መስመሩን እየተከተለች ትወጋለች። ኤሌክትሪክ ማሽኑ ፔዳሉን ጫን ሲሉት ይፈተለካል፤ ወረቀቱ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች እግሯ የት ላይ እንደደነገጠ ያሳዩባታል። ቀጥታው መስመር ሲለምድላት ማዕዘን ይመጣል፤ እዚያ መርፌው ወረቀቱን እንደወጋ ቆሞ፣ የማሽኑ እግር ተነስቶ፣ ወረቀቱ መዞር አለበት። ከዚያ ክብ ይቀጥላል። ወረቀቱ ሲያልቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጣታል፤ ክርም የሚገባው ያኔ ነው። ቀጥሎ መስመሩ ላይ የምትመደብበትን አንድ ስፌት ብቻ ሰዓት ተይዞባት ትደጋግማለች። የገጠር ልጅ ይህ ይከብዳታል የሚለው አስተያየት ብዙም አያሳምነኝም። ስፌቱ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ እንሰት ስትፍቅ ያደገች እጅ ለማሽን አታንስም።

ከስፌቱ የሚከብደው ሌላ ነው። በዚህ ረገድ ፓርኩ ሥራ ሲጀምር በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተደገፈው የምልመላና የሥልጠና ፕሮጀክት በደንብ የታሰበበት ነበር ማለት ይቻላል። ምዝገባው በየቀበሌው ይካሄድ ነበር፤ የወረዳው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያጣራ ነበር፤ የጣት ቅልጥፍናን የሚለኩ አጫጭር ሙከራዎች ይሰጡ ነበር፤ ተመልማዮቹም ሀዋሳ በነበረው ማዕከል ደረጃ ወጥቶላቸው ለፋብሪካዎች ይደለደሉ ነበር። ከማሽኑ በፊትም የፋብሪካ ኑሮን የሚያስተዋውቅ ሥልጠና ነበር፤ ሰዓት ስለ ማክበር፣ ፈቃድ ስለ መጠየቅ፣ ደመወዝ ስለ መያዝ፣ ከአለቃ ጋር ስለ መነጋገር።

ፈቃድ መጠየቅን ብቻ እንውሰድ። ገጠር ውስጥ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ነውር ነው፤ ዕድርም ያስቀጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለጎረቤት ግን የሚከፈልበት አንድም ቀን የለውም። ስለዚህ ዓርብ ማታ ስልክ የተደወለላት ልጅ ወይ ሄዳ ለቀሪ የሚቆረጠውን ገንዘብ ታጣለች፣ ወይ ቀርታ የእናቷን ፊት ታስጠቁራለች። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የፊቼ ጨምበላላ ጉዞ እንዲሁ ነው። ዳሌና አለታ ወንዶ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ደግሞ አንድ እጅ ከቤት መጉደሉ ለቤተሰቡ ወጪ ነው። ይህን አስቀድሞ መነጋገር ከየትኛውም የማሽን ትምህርት እኩል ያስፈልጋል። ነገር ግን ንግግሩ ለአንድ ወገን ብቻ ሲሰጥ፣ ማለትም ልጅቷ ከፋብሪካው ጋር ስለምትስማማበት ሲነገራት ፋብሪካው ከአካባቢው ጋር ስለሚስማማበት ማንም ሳይነግረው ሲቀር፣ ሥልጠናው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። እስያ ውስጥ የበዓል ወቅት ሲደርስ መስመሩን ቀድመው የሚያስተካክሉ አሠሪዎች ናቸው እዚህ መጥተው በሠራተኛው መቅረት የሚደነቁት።

የምልመላው ሌላ ሳንካ ኮታ ነው። ለወረዳ «ይህን ያህል ወጣት ላክ» ሲባል ወረዳ ቁጥሩን ይሞላል። ማን ሊቆይ እንደሚችል መለየት የማንም ሥራ አይሆንም። የተላከው ቁጥር በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው» ተብሎ ይገባል፤ ልጅቷ በሁለተኛው ወር ብትመለስ የሚቀነስበት ዓምድ የለም። ተመልሳ ብትመዘገብ እንዲያውም እንደ አዲስ ልትቆጠር ትችላለች።

የሚመለሱት ደግሞ ጥቂቶች አልነበሩም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድና ሰብዓዊ መብት ማዕከል በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የፓርኩ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን አስፍሯል፤ ታላላቅ የልብስ ብራንዶች ከሚያሠሩባቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ በሌላ ይተኩ ነበር። በዚህ ሁኔታ ማሠልጠን በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ሥልጠናውን እጥፍ ማድረግ ቀጂዋን ከማድከም በቀር የሚያመጣው የለም።

ደመወዙን ከኑሮው ጋር ማስላት ከባድ አይደለም። ፓርኩ ሲከፈት ለሠራተኞች መኖሪያ አልተሠራም ነበር፤ ሼዱ ቀድሞ መኝታው በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ሆነ። በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴት ልጆች ሀዋሳ ሲደርሱ የክፍል ኪራይ ተሰቀለ። አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ፍራሽ ይጋራሉ፤ ከቤት የመጣ ቆጮና ቆሎ ወሩን ያጋምሳል። ሥራ የጀመረችው ቤተሰቧን ልትረዳ ነበር፤ ቤተሰቧ እሷን መርዳት ሲጀምር ግን አባቷ «ነይ ተመለሺ» ቢል የሚፈረድበት አይመስለኝም። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ላይ ተጽፏል። ወለሉ ግን ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ ብር በላይ ሲወጣ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ በዶላር ሲሰላ እንደገና ረከሰ። ለአልባሳት ላኪው መልካም ዜና ነው፤ ዘይትና ስኳር ለምትገዛው ኦፕሬተር አይደለም።

ከገጠር ሠራተኛ አምጥቶ ማሠራት ከዚህ በፊት በሌላ መልኩ ተሞክሯል። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር አገዳ ቆራጮቹ በብዛት የመጡት ከከምባታና ከሀድያ ነበር፤ ከዚያው ከደቡብ። ኩባንያው በጎ አድራጊ አልነበረም፤ የወንጂ ሠራተኞች የትግል ታሪክ ይህን ይመሰክራል። ሆኖም ሰው ከሩቅ ሲያመጣ ማደሪያ መሥራት እንዳለበት ያውቅ ነበርና መንደሮቹን ከእርሻው ጋር አብሮ ተከላቸው።

ወደ ጥናቶቹ ስንመለስ፣ ስለ ፋብሪካ ሥራ ራሱ ብዙ የተወራለት የተመራማሪዎቹ የክሪስቶፈር ብላትማንና የስቴፋን ደርኮን ሥራ ነው። ሁለቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ አምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ 947 ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ክፍል የፋብሪካ ሥራ አገኘ፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም። የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ በዓመቱ ውስጥ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው አልበለጠም፤ የጤና እክል ግን በግልጽ ጨመረባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ አደገ። እዚህ ላይ ብዙዎች ጥናቱን ጠቅሰው ያቆማሉ፤ እኔ ደግሞ ቀጣዩን ክፍል እወደዋለሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ፋብሪካውም አላደኸያቸውም፣ ገንዘቡም አላበለጸጋቸውም። አብዛኛው ሰው የፋብሪካን ሥራ የያዘው ሌላ እስኪያገኝ ድረስ ክፉ ቀን ማለፊያ አድርጎ ነው። ሠልጥኖ መልቀቅ ስንፍና ወይም አለመሠልጠን ነው የሚለውን አባባል ከዚህ ጋር ማስታረቅ ያስቸግራል።

ስለ ሙያ ሥልጠናስ? ተመራማሪው ዴቪድ ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ2017 በማደግ ላይ ባሉ አገሮች የተደረጉ ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲገመግም፣ ከመቶ ሠልጣኝ በሥልጠናው ምክንያት ብቻ ሥራ የሚያገኙት ሁለት ሰዎች ገደማ ሆነው አገኛቸው። ሌሎቹ ወይ ሳይሠለጥኑም ያገኙ ነበር፣ ወይ ሠልጥነውም አላገኙም። ለአንድ ተጨማሪ ተቀጣሪ የወጣው ወጪም ከ17 ሺህ እስከ 60 ሺህ ዶላር ይደርስ ነበር። ይህን ቁጥር ለአንድ የወረዳ አስተዳዳሪ መንገር ድፍረት ይጠይቃል።

ነገሩ ግን ሁሉ ጨለማ አይደለም። ከዩጋንዳ የመጣው ማስረጃ ሚዛኑን ወደ ሌላ ጎን ይስበዋል። እዚያ በተደረገ ሙከራ ከሥራ ፈላጊ ወጣቶች አንዳንዶቹ በሙያ ማሠልጠኛ፣ ሌሎቹ በድርጅት ውስጥ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ሁለቱም ተጠቀሙ። ድርጅት ውስጥ የሠለጠነው ቶሎ ሥራ ያዘ፤ በማሠልጠኛ የሠለጠነው ግን ውሎ አድሮ በለጠ፤ ምክንያቱም የያዘው ሰርተፊኬት ሌላ ድርጅትም የሚያምነው ስለነበር ሥራ ሲያጣ መልሶ ያገኝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ጊሩም አበበና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ለአንዳንድ ሥራ ፈላጊዎች የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ፤ ለሌሎች ስለ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ አጭር ሥልጠና፣ ከዚያም ችሎታቸውን መዝኖ የሚያረጋግጥ ወረቀት። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ወረቀት የያዙት ግን ገቢያቸው በሃያ በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲኦሲን እንደ ቢሮክራሲ ብቻ ለሚያዩት ይህ መልስ ነው። የሚታመን ወረቀት ዋጋ አለው። የኛ ሲኦሲ ችግር የማይታመን መሆኑ ላይ ነው፤ ፋብሪካው የማያምነው ደግሞ የሚመዝነው ሌላ ሥራ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ከሕንድ አንድ ነገር ልጨምር። ባንጋሎር አካባቢ ባለ ትልቅ የልብስ አምራች ውስጥ ለሴት ኦፕሬተሮች ስፌት ሳይሆን ተግባቦት፣ ጊዜ አጠቃቀምና ችግር አፈታት ተሰጣቸው። የአቹታ አድቫርዩና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚያሳየው ምርታማነታቸው ጨመረ፤ ፋብሪካው ያወጣውን በብዙ እጥፍ መለሰ። ደመወዛቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም። አሠሪዎች በዚህ ጥናት ይደሰታሉ፤ ጥናቱን ግን ከታች ወደ ላይ ማንበብም ይቻላል። ሥልጠና ይህን ያህል የሚያተርፍላቸው ከሆነ ወጪውን መንግሥትና ለጋሽ የሚሸፍንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁሉም ሥልጠና ኦፕሬተሯ ላይ ማተኮሩም ሌላው ስህተት ነው። መስመሩን የሚያስኬደው ሱፐርቫይዘሩ ነው። ሀዋሳ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ ሱፐርቫይዘሮቹ ከስሪላንካ፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከመሳሰሉት አገሮች መጡ። ልጅቷ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ትናገራለች፣ አማርኛ በመጠኑ፤ አለቃዋ የተሰባበረ እንግሊዝኛ። መሃል ላይ የሚቀረው ምልክትና ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው። ሰው ፊት መጮህ እኛ ዘንድ ማዋረድ ነው፤ በዚያው ቀን መታወቂያዋን ጥላ የምትወጣ ብትኖር ስለ ስፌት ክህሎቷ የሚነግረን ነገር የለም። ባንግላዴሽ ውስጥ ሴት ኦፕሬተሮችን ሱፐርቫይዘር ለማድረግ የተሞከረው ሥልጠና ላይ ሮኮ ማኪያቬሎና ባልደረቦቹ ያዩት ነገር ለኛም ይጠቅማል። መጀመሪያ ሠራተኛው ራሱ ሴቶቹን ከወንዶቹ አሳንሶ ይገምታቸው ነበር፤ ወራት አልፈው መስመሩን ሲላመዱት ግን ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ ሱፐርቫይዘር ማሠልጠን ብቻ አይበቃም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ታግሶ የሚያልፍ አስተዳደር ይፈልጋል። ዱከም ላይ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቻይናው ሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ፣ ከመክፈቱ በፊት ከ80 በላይ ኢትዮጵያውያንን ቻይና ወስዶ አሠልጥኖ ነበር። ስለዚያ ፋብሪካ ሌላ የሚባል ነገር ሊኖር ይችላል፤ ይህቺ እርምጃ ግን ትክክል ነበረች።

ሀዋሳ ላይ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። ኮሮና ትእዛዝ አስቀረ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ለፓርኩ መከፈት ዋነኛ ምሰሶ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት አድርጎ የራሱን ፋብሪካ ዘጋ። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ያስወጣችበት ውሳኔም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ። የሠለጠኑት የት ገቡ የሚለው ጥያቄ በሙሉ ክብደቱ የመጣው ያኔ ነው። ገሚሱ ወደ መንደሩ ተመለሰ። አንዳንዷ በከተማ ሌላ ሥራ ያዘች፣ አንዳንዷ ትምህርቷን ቀጠለች። አንዲት ኮሌታ ብቻ ስትገጥም የኖረች ልጅ ወረዳዋ ተመልሳ ልብስ ስፌት ቤት ልትከፍት ብትሞክር ልኬት መውሰድ አልተማረችም፤ ሙሉ ቀሚስ መሥራት የምታውቀው ያች በፋብሪካው በር ላይ የተናቀችው የኮሌጅ ሠልጣኝ ናት። ፋብሪካው ሲሠራ ትርፍ የመሰለው ሰፊው ሙያ ፋብሪካው ሲዘጋ ስንቅ ሆነ።

ሌላው መንገድ ወደ ዓረብ አገር የሚወስደው ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ ሴትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አስገደደ። ስለዚህ ከፋብሪካው ጋር የሚሻማው የሥልጠና መንገድ በዚያው በሙያ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ አለፈ፤ አንዱ ክፍል ስፌት ማሽን፣ ሌላው ክፍል ልብስ ማጠቢያ ማሽንና መጥረጊያ። ሪያድ ወይም ቤሩት የሚከፈለው ከሀዋሳ ደመወዝ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ እያንዳንዱ ቀበሌ ያውቃል። የሚደርሰውንም መከራ ያውቃል። ይህን እያወቀች የምትሄድ ልጅ ሁለቱን ሥልጠናዎች መዝና ነው የምትመርጠው፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም የአገር ውስጡንም የውጭውንም ስምሪት በአንድ ጣሪያ ሥር መያዙ ቢያንስ እውነታውን መቀበል ነው።

በሲዳማ ውስጥ ስለ ሥልጠና በሌላ ዓይን ለማሰብ የሚያስችል ቦታ አለ፤ ይርጋለም። እዚያ ያለው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ጥሬ ዕቃውን የሚያገኘው ከዚያው ከገበሬው ነው፤ ከአቮካዶ ዘይት ተጨምቆ ወደ ውጭ ይላካል። የሚቀጥረው ሰው ቁጥር ከልብስ ፋብሪካ ያነሰ ነው። የሚፈልገው ሙያ ግን ሰፋ ይላል፤ ቦይለር የሚይዝ፣ ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ የኤሌክትሪክ ቦርድ የሚያነብ፣ የምግብ ንጽሕናና ጥራት የሚቆጣጠር። እነዚህ ሙያዎች ከአንድ ፋብሪካ ጋር አይሞቱም። ቡና ማጠቢያ ጣቢያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የወተት ማቀዝቀዣው፣ ሆስፒታሉም ሳይቀር ይፈልጋቸዋል። አንድ የወረዳ ኮሌጅ ውስን በጀቱን የት ላይ ያውለው ብባል፣ የጥገና ሙያን ከስፌት አስቀድማለሁ። ስፌቱን ፋብሪካው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ያስተምር፤ ወጪውንም ራሱ ይቻል። ሲፈልግ ጊዜውም ተሰጥቶታል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ የሙከራ ጊዜን ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን አሳድጎለታል።

ፋብሪካዎች ተባብረው ማሠልጠን እንደሚችሉም ሌላ አገር ታይቷል። ማሌዥያ ውስጥ በፔናንግ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የክህሎት ማዕከል መሬትና ድጋፉ ከመንግሥት፣ አመራሩና የሥልጠናው ይዘት ከአካባቢው ፋብሪካዎች ሆኖ ነው የቆመው። አንዱ ያሠለጠነውን ሌላው ቢወስድበት እንኳ ሁሉም ያዋጡበት ስለሆነ ቂሙ ይቀንሳል። ሀዋሳ ላይ የባለሀብቶች ማኅበር አለ፤ ሼዶቹም በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። ከዚህ የበለጠ የሚያመች አቀማመጥ አይገኝም። እስካሁን የጋራ ሥልጠናው የቆመው ግን በአብዛኛው በለጋሽ ገንዘብ ነበር፤ የለጋሽ ፕሮጀክት ደግሞ የማብቂያ ቀን አለው።

ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚችለው ግን አዲስ ፕሮጀክትም አዲስ አዋጅም አይፈልግም። ወረዳው ሠልጣኝ ሲመዘግብ የእሷን ወይም የቤተሰቧን ስልክ ቁጥር ይይዛል። በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ደውሎ አራት ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ ሥራው ላይ ነሽ ወይ፣ ስንት ይከፈልሻል፣ ከለቀቅሽ ለምን፣ አሁን በምን ትተዳደሪያለሽ። በአንድ ወረዳ ለአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። መልሱ በፋብሪካው ስም ተደርድሮ ለሚቀጥለው ዙር ሠልጣኞች ቢነበብላቸው፣ ማን ጋ ሄደው እንደሚሠሩ ራሳቸው ይመርጣሉ። ኮታውም ያኔ የሚሞላው ሰው ወደሚቆይበት ፋብሪካ ይሆናል፤ ሰው የማይቆይበት ፋብሪካ ደግሞ ወረዳው ሠራተኛ ሳይልክለት ሲቀር ለምን ብሎ ለመጠየቅ ይመጣል።